ውል የያዘ መጻተኛ

ሰኔ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. በሙኒክ ስታዲየም ሮማንያና ዩክሬን ለአውሮጳ ዋንጫ ሲጋጠሙ፣ ጨዋታው በተጀመረ በ29ኛው ደቂቃ የዩክሬኑ በረኛ አንድሪ ሉኒን ከግቡ አጠገብ የላካት ኳስ ከወዳጆቹ ሳትደርስ ከሮማንያዊው ከዴኒስ ማን እግር ሥር ወደቀች፤ እርሱም ሳይዘገይ ለአምበሉ ለኒኮላዬ ስታንቹ አሳለፈለት፤ አምበሉም ከፍጹም ቅጣት ምቱ ክልል ውጭ ሆኖ በቀኝ እግሩ የመታት ኳስ በግቡ ላይኛ ማዕዘን ገባች። ሮማንያ በዚያ ቀን 3 ለ0 አሸነፈች። የተሰላፊዎቹን ስም ከነክለባቸው ያነበበ ሰው ግን ከውጤቱ ሌላ የሚያስደንቅ ነገር አግኝቷል፤ ይኸውም አምበሉ ደመወዙን የሚቀበለው ከማድሪድ ወይም ከሚላኖ ሳይሆን በሳዑዲ ዓረቢያ ደቡብ፣ በኸሚስ ሙሸይጥ ከተማ ከሚገኘው ከደማክ ክለብ መሆኑ፣ በተከላካዩ መስመር መካከል የቆመው አንድሬ ቡርካም የየመን ወሰን ጎረቤት ከሆነችው ከናጅራን፣ ከአል-ኡኽዱድ ክለብ የመጣ መሆኑ ነው።

የቡካሬስት ሰው እነዚህን የከተማ ስሞች በካርታ ፈልጎ ያገኛቸው ይሆናል። የእኛ ሰው ግን ካርታ አያስፈልገውም። በወሎና በራያ፣ በትግራይ፣ በጅማና በአርሲ ገጠር ኸሚስ ሙሸይጥ፣ አብሃ፣ ናጅራን፣ ከሁሉም ይልቅ ጂዛን የተባሉት ስሞች የኳስ ወሬ ከመሰማቱ አስቀድሞ በየቤቱ የሚነሡ ነበሩ፤ አንዱ ቤት የተላከ ብር የደረሰበት፣ ሌላው ቤት ስልክ ጠፍቶ ለቅሶ የተቀመጠበት ስም ነውና። ስለዚህ በነዚያ የወሰን ከተሞች ስለሚጫወቱት የባዕድ አገር ኳሰኞች መጻፍ የፈለገ ኢትዮጵያዊ፣ ወደደም ጠላም፣ ስለ ሁለት ዓይነት መጻተኛ መጻፉ አይቀርለትም።

አስቀድመን አገሩን እንይ። ጂዛን በባሕረ ኤርትራ ዳር፣ ቲሃማ በሚባለው ሞቃት ሜዳ ላይ የተቀመጠች ወደብ ስትሆን፣ ከፊት ለፊቷ የፈረሳን ደሴቶች፣ ከእነርሱም ማዶ የኤርትራ ጠረፍ ይገኛል። በስተምሥራቅ የፈይፋና የበኒ ማሊክ ተራሮች በእርከን እርሻ ተሸንሽነው ወደ ደመናው ይወጣሉ፤ በእነዚህ እርከኖች የሚለማው የኸውላኒ ቡና እ.ኤ.አ. በ2022 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ገበታው እንኳ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ላሑሕ የሚሉት ቂጣቸው ዓይን ያለው፣ ለስላሳ፣ በምጣድ የሚጋገር ነውና። ከጂዛን ተነሥቶ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ የወጣ መንገደኛ አብሃ ይደርሳል፤ አብሃም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በጽድና በጭጋግ መካከል የተቀመጠች ስለሆነች፣ ከደጋ ለመጣ ሰው አየሯ የአገሩን ያስታውሰዋል። ኸሚስ ሙሸይጥ ከእርሷ አጠገብ ናት። ናጅራን ደግሞ ከዚያ በስተምሥራቅ፣ በረሃው በሚጀምርበት ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። ይህ ሁሉ አገር ለሳዑዲ መንግሥት የጸናው በ1926 ዓ.ም. ከየመን ጋር በተደረገው በጣኢፍ ውል ነው።

በጂዛን ከተማ አት-ቱሃሚ፣ የወሰን ከተማ በሆነችው በሳምጣም ሒጢን የሚባሉ ክለቦች አሉ፤ ነገር ግን እነዚህ በታችኛው እርከን ሲደክሙ የኖሩ ናቸው፤ በዚያ ወሰን የከፍተኛው ሊግ ጨዋታ የሚታየው ወደ ተራራው ሲወጡ ነው። አብሃና ደማክ በ2011 ዓ.ም. አብረው ወደ ከፍተኛው ሊግ አደጉ። በዚያው ዓመት ሰኔ 5 ቀን ከየመን የተተኮሰ ሚሳይል የአብሃን አውሮፕላን ማረፊያ መትቶ 26 መንገደኞችን አቁስሎ ነበር፤ ስለዚህ በዚያ ክረምት ፈርመው የመጡት የውጭ ተጫዋቾች ሻንጣቸውን የተቀበሉት ጦርነት በነካው አዳራሽ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ባዕዳኑ በምን ሥርዐት ይገባሉ? በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በተጀመረው የውድድር ዘመን እያንዳንዱ ክለብ 8 የውጭ ተጫዋቾችን እንዲያስመዘግብ ተፈቅዶለት ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ቁጥሩ 10 ሆነ፤ ከነዚህም 2ቱ ወጣቶች እንዲሆኑ ተደነገገ። የአገሪቱ ሉዓላዊ የሀብት ፈንድ በግንቦት 2015 ዓ.ም. ከአል-ሂላል፣ ከአን-ናስር፣ ከአል-ኢትሓድና ከአል-አህሊ ክለቦች እያንዳንዳቸው 75 በመቶውን ድርሻ ሲይዝ፣ አስቀድሞ ከመጣው ከሮናልዶ ሌላ ቤንዜማን የመሳሰሉት የዓለም ስመ ጥሮች በሪያድና በጅዳ ተሰበሰቡ። የወሰን ከተሞቹ ክለቦች ግን ከዚህ ማዕድ አልተጠሩም፤ በራሳቸው አቅም ገበያ ወጡ፤ የአቅም ማነስ ደግሞ የራሱ የሆነ የመምረጫ ጥበብ አለው።

የዚህ ጥበብ የመጀመሪያው ትምህርት ከበረኛ ይጀምራል። ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ራሱ ግብ የሚመጣበት ቡድን፣ ከተፈቀዱለት ባዕዳን አንዱን ለአጥቂነት ከማዋል ይልቅ በግቡ ፊት ማቆም ይሻለዋል። ስለዚህ ደማክ አልጄሪያዊውን ሙስጠፋ ዘግባን፣ አብሃ የሚላን ክለብ በረኛ የነበረውን ሮማንያዊውን ቺፕሪያን ታታሩሻኑን፣ አል-ኡኽዱድም ብራዚላዊውን ፓውሎ ቪቶርን አመጡ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ኡጋንዳዊውን ሮበርት ኦዶንካራን ለዓመታት በግቡ ፊት እንዳቆመ የሚያስታውስ የአዲስ አበባ ተመልካች ይህን ዘዴ ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ጊዮርጊስ ዋንጫ ለማንሣት፣ እነዚህ ግን ላለመውረድ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ዝምድና ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ጾሙንና የጸሎቱን ሰዓት ከአገሩ ይዞት የመጣ፣ የልምምዱ ሰዓት ከመግሪብ በኋላ ሲሆን የማይደነግጥ ተጫዋች ለክለቡ አስተርጓሚም ጊዜም ያተርፍለታል። ደማክ ወደ ከፍተኛው ሊግ እንደ ወጣ ወደ አልጄሪያ ያዘነበለው ስለዚህ ነው፤ ከዘግባ ሌላ ተከላካዩ ፋሩቅ ሻፋኢና አጥቂው ሂላል ሱዳኒ በዚያ ተጫወቱ፤ አሠልጣኙ ኑረዲን ዘክሪም የዚያው አገር ሰው ነበር። አብሃም ቱኒዚያዊውን ሰዓድ ብጊርን የጨዋታው ቀማሪ አድርጎ ያዘ።

ሦስተኛው ትምህርት ዕድሜ ነው። በአውሮጳ ክብሩን ያየና የመጨረሻዎቹን ዓመታት በደኅና ደመወዝ ሊያሳልፍ የሚፈልግ ሰው ወደ ወሰን ከተማ ለመምጣት እምብዛም አያንገራግርም። ከሴቪያ ጋር ሁለት ጊዜ የዩሮፓ ሊግ ዋንጫን ያነሣው፣ ለፖላንድ ብሔራዊ ቡድን 100 ጊዜ የተሰለፈው ግዤጎሽ ክሪኾቪያክ በአብሃ ማልያ የተጫወተው በዚህ መንገድ ነው። በአልጄሪያ ላይ በጭማሪው ሰዓት ማብቂያ ባገባት ጎል ካሜሩንን ወደ ዓለም ዋንጫ የወሰደው ካርል ቶኮ ኤካምቢም እንዲሁ አብሃ ደርሷል፤ የአገሩ ልጅ ጆርጅ-ኬቪን ንኩዱ ደግሞ ከቤሺክታሽ ተነሥቶ ደማክ ገባ።

ይሁን እንጂ ስመ ጥርነት ብቻውን ከተማ አያድንም። መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በረመዳን ሌሊት፣ አን-ናስር ወደ አብሃ ተራራ ወጣ። ሮናልዶ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ 3 ጎል አገባ፤ ሁለቱ ከቅጣት ምት ቀጥታ የገቡ ናቸው፤ ከዕረፍት በኋላም አልተመለሰም፤ ሥራው አልቆ ነበርና። ጨዋታው በ8 ለ0 ተፈጸመ። በዚያ ሌሊት በአንድ ሜዳ ላይ የዓለምን ከፍተኛ ደመወዝ የሚቀበለው መጻተኛና በውድድሩ ዘመን መጨረሻ ከሊጉ የሚወርደው መጻተኛ ትከሻ ለትከሻ ሲጋፉ ታዩ፤ የሁለቱም መግቢያ ሕግ አንድ ነው፤ ዕጣቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አብሃ በዚያው ዓመት ወረደ።

የናጅራኑ አል-ኡኽዱድ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የተለየ ትርጓሜ አለው። ይህ ክለብ በግንቦት 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ከፍተኛው ሊግ ሲያድግ፣ ሊጉ ከ16 ወደ 18 ክለቦች ሊሰፋ አራት ቡድኖች ያደጉበት ዓመት ስለ ነበረ፣ ከአል-አህሊና ከአል-ሐዝም ቀጥሎ በሦስተኛነት አለፈ። ስሙን የወሰደው በከተማው ደቡብ ካለው የጥንት ፍርስራሽ ነው፤ ይህም ፍርስራሽ በስንክሳራችን ሀገረ ናግራን ተብላ የምትጠራው፣ የሒምየር ንጉሥ ዙ ኑዋስ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ523 ገደማ ክርስቲያኖቿን በእሳትና በሰይፍ የፈጀባት ከተማ ቅሪት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የሰማዕታቱን መታሰቢያ ኅዳር 26 ቀን ታደርጋለች፤ አለቃቸውንም ቅዱስ ኂሩት ትለዋለች። ብዙዎች የእስልምና ሊቃውንትም በቅዱስ ቁርኣን አል-ቡሩጅ በተባለው ምዕራፍ የተነገረላቸውን የጉድጓዱን ባለቤቶች ከዚሁ መከራ ጋር ያያይዛሉ። የአክሱሙ ንጉሥ ዐፄ ካሌብ ባሕሩን በመርከብ ተሻግሮ ዙ ኑዋስን የወጋው ስለዚህ ደም ነው። በዚያ ዘመን ከአዱሊስ ተነሥቶ ወደ ናግራን የሚገሰግሰውን ኢትዮጵያዊ ማንም ውል አምጣ አላለውም፤ ሠራዊት ነበረውና።

ዛሬ ወደዚያ ከተማ በክብር የሚገባው አፍሪካዊ ኳሰኛ ነው። ናይጄሪያዊው ሴቪየር ጎድዊን ለአል-ኡኽዱድ በክንፍ በኩል ሮጧል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ካሜሩን የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የውድድሩ ኮከብ የተባለው ክርስቲያን ባሶጎግም ከቻይና ሊግ ቆይታው በኋላ በዚያ ማልያ ታይቷል። የዚምባብዌ አምበል የነበረው ኖውሌጅ ሙሶናም ከካይዘር ቺፍስ ተነሥቶ በጀርመን ሆፈንሃይም፣ በቤልጅም አንደርሌክት፣ በሳዑዲም አጥ-ጣኢና አር-ሪያድ የተባሉትን ክለቦች አልፎ አል-ኡኽዱድ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ አገሩ ሐራሬ ተመልሶ ስኮትላንድ የሚባለውን ክለብ ተቀላቀለ። የዚህ ሰው ሕይወት የተሟላ የመጻተኛ ታሪክ ነው፤ በየደረሰበት ውል ፈረመ፤ ውሉ ሲያልቅ በሰላም ወጣ፤ በመጨረሻም በገዛ ፈቃዱ አገሩ ገባ።

በናጅራኑ በልዑል ሀዝሉል ስታዲየም የሚደረገው ጨዋታ ግን ሁልጊዜ ደስታ የሚያመጣ አይደለም። ግንቦት 1 ቀን 2016 ዓ.ም. አን-ናስር ናጅራን ላይ 3 ለ2 ያሸነፈው እስከ መጨረሻው ታግሎ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግን ያው እንግዳ ሮናልዶን እንኳ ሳያሰልፍ 9 ለ0 ረትቶ ሄደ፤ ከዘጠኙ አራቱን ያገባው ሴኔጋላዊው ሳዲዮ ማኔ ነበር። በዚያ ሸለቆ አፍሪካዊው በአፍሪካዊው ላይ ድል ሲያደርግ፣ ልዩነቱ የክለባቸው ካዝና ነበር።

ኢትዮጵያዊስ በዚያ ወሰን ተጫውቶ ያውቃልን? አዎን። ከአል-ኡኽዱድ በፊት የከተማዋን ስም የያዘው ናጅራን ክለብ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ እስከ 2008 ዓ.ም. በከፍተኛው ሊግ ቆይቶ ነበር። የየመን ጦርነት በ2007 ዓ.ም. ሲነሣ የመድፍ ጥይት በከተማይቱ ላይ ይወድቅ ስለ ነበር፣ ክለቡ የራሱን ሜዳ ትቶ የቤቱን ጨዋታ በሰው ከተማ እየተጫወተ የመጨረሻውን ዘመን ጨረሰ። በዚያ በተሰደደ ክለብ ውስጥ በ2008 ዓ.ም. የነበረው ተከላካይ ዋሊድ አታ ነው፤ በሪያድ ተወልዶ በስዊድን ያደገ፣ በስቶክሆልሙ ኤአይኬ፣ በዲናሞ ዛግሬብና በሄከን የተጫወተ፣ በወጣትነቱ ለስዊድን ከተሰለፈ በኋላ የኢትዮጵያን ብሔራዊ ቡድን ማልያ የመረጠ ሰው ነው። ወደ ተወለደበት አገር ባዕድ ተጫዋች ተብሎ ሲመለስ፣ ያገኘው ክለብ ራሱ ከቤቱ የተፈናቀለ ሆኖ ቆየው። ናጅራንም በዚያው ዓመት ከሊጉ ወረደ።

አሁን ስለ ሁለተኛው፣ ውል ስለሌለው መጻተኛ እንናገር። ይህ ሰው በጅቡቲዋ ኦቦክ ላይ በሌሊት ጀልባ ይሳፈራል፤ የመን ሲደርስ ደላላ ይቀበለዋል፤ ከሰዓዳ ተነሥቶ የጂዛንን ተራራ በእግሩ ይወጣል። የኳሰኛውን ሻንጣ የተሸከመለት ክለብ ነው፤ ይህን ግን የተሸከመው ዕዳው ነው፤ የደላላው ሒሳብ ካልተከፈለ ስልክ ወደ ወላጆቹ ይደወላልና። ሂውማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት ነሐሴ 15 ቀን 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ ከመጋቢት 2014 እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ወሰኑን ሲሻገሩ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በጥይትና በሚፈነዳ መሣሪያ እንደ ገደሉ ከተረፉት ሰዎች ቃል ገልጿል። የሳዑዲ መንግሥት ክሱ መሠረት የለውም ብሎ አስተባበለ፤ የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ጉዳዩን ከሳዑዲ ባለሥልጣናት ጋር አጣርቶ እንደሚመረምር አስታወቀ። አዲሱ የኳስ ዘመን የተከፈተው ከዚህ ዘገባ አሥር ቀን ቀደም ብሎ ነበር፤ አል-ኡኽዱድም ወደ ላይ የወጣበት ውድድር የተካሄደው ዘገባው በሚናገርለት ጊዜ ውስጥ ነው።

ወሰኑን አልፎ የገባው ምን ይሆናል? በጂዛን ሜዳ በማሽላና በማንጎ እርሻ፣ በተራራው በፍየል እረኝነት፣ በከተማው በግንባታና በቤት ሥራ ይሰማራል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ወጣቶቹ በከተማ ዳር ባለ ደረቅ መሬት ላይ ድንጋይ ለግብ አቁመው ይጫወታሉ፤ አንዱ የኢትዮጵያ ቡና ክለብን ማልያ፣ ሌላው በገበያ የተገዛ የአል-ሂላል ሰማያዊ ለብሷል። የፖሊስ መኪና መብራት ከሩቅ ሲታይ ጨዋታው በዳኛ ፊሽካ ሳይሆን በራሱ ይቆማል፤ ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ያለው በቦታው ይቆያል፤ የሌለው እግሩ ወዳመራው ይበተናል። ቡድኑ ምን ያህል ሰው እንደ ጎደለው የሚታወቀው ኳሱ ተመልሶ ሲጀመር ነው።

ከአገር የወጣ ሰው፣ አባቶች እንደሚሉት፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ነው። ኳሰኛውም ከዚህ ሕግ ነጻ አልነበረም። ፈረንሳይ-አልጄሪያዊው ዛሂር ቤሉኒስ በኳታር ከክለቡ ጋር በደመወዝ ተጣልቶ ክስ ሲመሠርት፣ በዚያ አገር የከፊል፣ ማለትም የአሠሪ ዋስትና፣ ሥርዐት ምክንያት የመውጫ ፈቃድ ተነፍጎት ከቤተ ሰቡ ጋር ከአንድ ዓመት በላይ ታግቶ ቆየ፤ የተለቀቀው በኅዳር 2006 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር ሳዑዲ ዓረቢያ ጥቅምት 25 ቀን በጀመረችው አፈሳ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው ስትመልስ ነበር፤ ዘመቻው እስኪያበቃም ከ160,000 በላይ ሆኑ። አንዱ እንዳይወጣ የተከለከለ፣ ብዙዎቹ ሳይወዱ የተባረሩ መጻተኞች ናቸው፤ ሁለቱም ዕጣቸው በአሠሪና በፖሊስ እጅ ወድቆ ነበር።

ነገር ግን የቤሉኒስን ጉዳይ ዓለም ሊሰማው የቻለው የኳሰኞች ማኅበር ስለ ነበረ ነው። ዛሬ በደማክ የሚጫወት ባዕድ የሁለት ወር ደመወዝ ቢያጣ፣ በፊፋ ደንብ መሠረት ለክለቡ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ ክለቡ ቢከራከር ጉዳዩ ወደ ፊፋ የክርክር ጉባኤ፣ ከዚያም በይግባኝ ሎዛን ወዳለው የስፖርት ፍርድ ቤት ይሄዳል። በጂዛን ተራራ ፍየል የሚጠብቀው ልጅ ግን የሁለት ዓመት ደሞዙ ቢቀርበት የሚሄድበት ደጅ የለውም። ሳዑዲ ዓረቢያ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ሠራተኞች ያለ ከፊላቸው ፈቃድ አሠሪ እንዲለውጡ የፈቀደችበት ማሻሻያ የቤት ሠራተኞችን፣ ገበሬዎችንና እረኞችን አላቀፈም፤ ማለትም አብዛኛውን የእኛን ሰው ከደጅ አስቀርቶ ነው የተዘጋው። በአገራችንም የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የዕድሜና የትምህርት መመዘኛ አውጥቶ፣ ከሳዑዲ ጋርም በ2009 ዓ.ም. የሠራተኛ ስምምነት ተፈርሞ ነበር፤ ነገር ግን ወረቀቱ የሚጠብቀው በአውሮፕላን የሄደውን ነው፤ በጀልባ የሄደውን አይደለም።

ከዚህ በመነሣት ኳሰኛው የታደለው በተሰጥኦው ነው ብሎ የሚደመድም ሰው ይኖራል። እኔ ይህን አልቀበልም። ተሰጥኦ ያላቸው ኳሰኞች ክለብ እንደ ዕቃ ይዟቸው የኖረበት ዘመን ረጅም ነው፤ ውሉ ያለቀበት ተጫዋች እንኳ ያለ ክፍያ ክለቡን መልቀቅ አይችልም ነበር። ያ ሥርዐት በአውሮጳ የፈረሰው በታኅሣሥ 1988 ዓ.ም.፣ ዣን-ማርክ ቦስማን የተባለ ብዙም ያልታወቀ ቤልጅማዊ ተጫዋች ከሶ የአውሮጳ ፍርድ ቤት ስለ ፈረደለት ነው፤ ኳሰኞቹም ከዚያ አስቀድሞ፣ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ፊፍፕሮ የሚባል ዓለም አቀፍ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ስታንቹን በኸሚስ ሙሸይጥ፣ ሙሶናን በናጅራን በሰላም ያስገባና ያስወጣ ይህ በክስና በማኅበር የተገነባ ሕግ ነው፤ እግራቸው ብቻውን ይህን አያደርግላቸውም ነበር።

ስለዚህ የጂዛንን መንገድ የሚያስቡልን ሰዎች፣ ባለሥልጣናትም ሆኑ የኤምባሲ ሹማምንት፣ ከኳሱ ሜዳ የሚማሩት አንድ ነገር አለ፤ መጻተኛን የሚያድነው የተቀባዩ አገር ደግነት ወይም የራሱ ጥንካሬ ሳይሆን፣ ደመወዙ ሲቀር ቃሉን የሚሰማ ዳኛ፣ ስለ እርሱም የሚከራከር ማኅበር መኖሩ ነው። በእረኛውና በአጥቂው መካከል ያለውን ርቀት ይህ ዳኛና ይህ ማኅበር ሊያሳጥሩት ይችላሉ፤ ኳሰኞቹ ለራሳቸው ያቆሙትን ለእረኛው ለማቆም የሚከለክል ሕግ በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም።